ያገር ውስጡ ስንዴ በወረቀት ይመለሳል፣ በመርከብ የመጣው በናሙና ያልፋል፤ ይሄ ነገር ፍትሐዊ ነው?

ሊንከን_ገበሬ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር ነው። ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፣ ሜዳውም እህል ነው። አንድ የቤተሰብ እርሻ ላይ ስሠራ ስድስት ዓመቴ። ኮምባይነር እነዳለሁ፣ ጎተራ እጠርጋለሁ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ እህል ጭኜ ወደ ፋብሪካ እወስዳለሁ። ያደግኩት አርሲ ስንዴ መሃል ነው። ስለዚህ ደህና ስንዴ ከበር ሲመለስ ሳይ ሆዴን ይበላኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ገበሬ እህሉን ለመሸጥ የእርሻ ጥራት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሕግ አያስገድድም፣ በፈቃደኝነት ነው ይባላል። ግን ያለሱ የሚቀበልህ ዱቄት ፋብሪካ ወይም መኖ ፋብሪካ ማግኘት ጭንቅ ነው። ትልቁ በፈረንጅ 2000 የተጀመረው ሬድ ትራክተር የሚባለው ነው፣ ስኮትላንድ ደግሞ የራሷ አላት። በየዓመቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የመድኃኒት መርጫው ተመርምሮ ማለፉን ያያል። የሚረጨው ሰው ሰርተፍኬት ይጠየቃል። የተረጨው ሁሉ በማሳ፣ በቀንና በመጠን መጻፍ አለበት። ጎተራው ወፍ እንዳይገባበት መዘጋቱን፣ አምፖል ቢሰበር ስባሪው ስንዴ ላይ እንዳይወድቅ ሽፋን መኖሩን፣ ተጎታቹ ከዚህ በፊት ምን ጭኖ እንደነበር፣ የእህሉ ሙቀትና እርጥበት በስንት ቀኑ እንደተለካ፣ የአይጥ መርዝ የት የት እንደተቀመጠ፣ ሁሉንም ያገላብጣል። ካለፍክ ከጭነቱ ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይ የምትለጥፈው ስቲከር ይሰጥሃል። ወረቀቱን የእህል ፓስፖርት ነው የሚሉት።

አምና ነሐሴ የሆነውን ልንገራችሁ። 29 ቶን የመኖ ስንዴ ጭኜ ወደ መኖ ፋብሪካ ሄድኩ። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ስትዘግነው እጅህ ላይ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ሚዛን ላይ ወጣሁ። ልጅቷ ፓስፖርቱን አየችና ስልክ አነሳች። የእርሻው ማረጋገጫ ታግዷል አለችኝ። ለካ ተቆጣጣሪው በሰኔ መጥቶ የአይጥ መርዝ መዝገቡ ላይ ሁለት ወር ያልተሞላ ቦታ አግኝቶ ነበር። አይጥ አልተገኘም። መርዙም ቦታው ላይ ነበር። ያልተጻፈው መዝገቡ ነው። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፣ ማስተካከያውን በተባለው ቀን መላክ ነበረባቸው፣ በአጨዳው ጥድፊያ ረሱት። ስንዴውን ማንም ሳያየው፣ አንድ እፍኝ ናሙና እንኳን ሳይወሰድለት፣ ተመለስ ተባልኩ።

መኪናዬን ሳዞር ከኋላዬ ተራ የያዘው ሹፌር መስኮቱን አወረደ። ምን ሆንክ አለኝ፣ ነገርኩት። አንተስ ምን ጭነሃል አልኩት። በቆሎ አለኝ፣ የዩክሬን፣ ከኢሚንግሃም ወደብ ነው የማመጣው። እሱ ገባ። እኔ ወጣሁ። የዚያ በቆሎ ባለቤት ጎተራው ውስጥ አይጥ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አንድም ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም።

ለአዛውንቱ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጎተራው ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ማረጋገጫው እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ዋጋውም በዚያው ወረደ።

ጥያቄዬ፦ ያገር ውስጡን በወረቀት፣ የውጪውን በናሙና የሚያዩት በምን ሒሳብ ነው? ናሙና ለበቆሎው ከበቃ ለኛ ስንዴ ለምን አይበቃም? ካልበቃ ደግሞ ለበቆሎው ለምን በቃ? እኔ የምለው አንድ በር ላይ አንድ ሕግ ይሁን ነው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ላብራቶሪዋ

ሰላም ወንድሜ። አዛውንቱ አሳዘኑኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት አንድ ዱቄት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ እዚሁ እንግሊዝ። ከበሩ ወዲያ ማዶ ያለውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ የውጪው ዝም ብሎ አይገባም። አስመጪው ነጋዴ ራሱ የንግድ ማረጋገጫ አለው። ጌትኪፐር የሚሉት አሠራር አለ፣ በረኛ በለው። ነጋዴው እህሉ ከየት አገር እንደመጣ አይቶ አደጋውን ይገምታል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ የሻጋታ መርዝና የጸረ ተባይ ቅሪት ይመረመራል፣ ሰነዱ ይቀመጣል። የሕጉ ጣሪያ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው። ለሰው ምግብ የሚሆን ያልተፈጨ ስንዴ፣ ዶን የምንለው የሻጋታ መርዝ በኪሎ ከ1250 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። ኦክራቶክሲን የሚባለው ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም። ስንዴው ከኬንት ይምጣ ከካናዳ ቁጥሩ ያው ነው።

ልዩነቱ ያለው ክትትሉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ከአንተ ጋር ነኝ። ያንተ ስንዴ ማሳው ላይ ሳለ ጀምሮ ስም አለው። የመርከቡ እህል የብዙ መቶ ገበሬ እህል አንድ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ነው መጠየቅ የሚጀምረው። ማን ምን እንደረጨ፣ መቼ እንደረጨ፣ የት እንዳከማቸ ወደ ኋላ ሄደህ የምትጠይቀው ሰው የለም። ያለህ ናሙና ብቻ ነው።

ናሙና ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ ልንገርህ። ለሻጋታ መርዝ የወጣው የናሙና ደንብ ትልቅ ጭነት በ500 ቶን ይከፋፈል ይላል። ከእያንዳንዱ ክፋይ 100 ቦታ ትንሽ ትንሽ ይወሰድና ተደባልቆ 10 ኪሎ ይሆናል። ከ500 ቶን 10 ኪሎ። ሻጋታ ደግሞ እንደ ጨው በእኩል አይበተንም። መርከቡ አንድ ጥግ ላይ ውሃ ካሰረገ እዚያች ጋ ይሰበሰባል፣ አጠገቡ ያለው ንጹሕ ነው። እድልህ ከሆነ ናሙና የሚወሰድበት ዘንግ ያገኘዋል፣ ካልሆነ ያልፈዋል። ሌላው ነገር ማሽኑ የሚመልስልህ የጠየቅከውን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባኸው መድኃኒት እዚያው ተቀምጦ አታየውም።

እና ወረቀት ከንቱ ነው ወደሚለው እንዳንሄድ። አዲስ አበባ የወተት ጉዳይ ትዝ ይላችኋል? የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተወስዶ አውሮፓ ለአፍላቶክሲን፣ እሱም የሻጋታ መርዝ ነው፣ ባወጣው ጣሪያ ያለፈው 9 ብቻ ነበር። መርዙ የመጣው ላሟ ከበላችው መኖ ነው፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎው ነበር ችግሩ። ፋጉሎው የት እንደተከማቸ፣ ስንት ወር እንደቆየ የሚመዘግብ ሰው ቢኖር ሕጻናት ወተቱን ከመጠጣታቸው በፊት ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ያንተ የጎተራ ሙቀት መዝገብ ለኔ ከናሙናው ይበልጥብኛል። ከልቤ ነው የምልህ። ናሙና የሚነግረኝ ዛሬን ነው፣ መዝገብ ግን ያለፈውን ሁሉ ይነግረኛል።

የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። ይበልጣል የምንለው ነገር ያለው ገበሬ ይመለሳል፣ የሌለው ይገባል። ያንተ ጭነት በዚያ ቀን መዝገቡ ቢጎድለውም እኔ በር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ እርጥበቱን፣ ፕሮቲኑን፣ ነቀዙን፣ ሽታውን አየው ነበር። ለሻጋታ መርዙም ፈጣን ምርመራ አለ። ለውጪው ክፍት የሆነው ሁለተኛ በር ላንተ የተዘጋበት ሳይንሳዊ ምክንያት በዘጠኝ ዓመት አልሰማሁም።

ዮርክሻየር_ትራንስፖርት

እኔም እህል ነው የምጭነው። ላብራቶሪዋ እህታችን ያለችው ልክ ነው፣ ግን የገንዘቡን ነገር ማንም አላነሳውም።

ማረጋገጫው ሲጀመር ለገበሬው የተነገረው ገበያ ይከፍትልሃል ተብሎ ነው። አሁን ገበሬዎቹ የሚሉት ምንድነው፣ ጭማሪ ዋጋ አላየንም፣ ያየነው በር መክፈቻ ቁልፍ ነው፣ ቁልፉንም በየዓመቱ በራሳችን ገንዘብ እንገዛለን። ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ ያው ከውጪ የሚመጣው እህል ነው። ኢሚንግሃም የደረሰ ስንዴ ርካሽ ከሆነ ያንተ ስቲከር አንድ ፓውንድ አይጨምርልህም።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ነገሩ ከረረ። በ2024 ዝናቡ ዘር አላስዘራ ብሎ ያገሪቱ የስንዴ ምርት ወደ 11.1 ሚሊዮን ቶን ወረደ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 14 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጎደሎው የሚሞላው ከውጪ ነው፣ እና እኛ ሹፌሮቹ ከእርሻ ይልቅ ወደብ ስንመላለስ ከረምን። በነሐሴ 2025 ደግሞ ሃል ከተማ አጠገብ የነበረው ቪቨርጎ የሚባለው፣ ከስንዴ ኢታኖል የሚባል ነዳጅ የሚሠራ ፋብሪካ ተዘጋ። ሙሉ አቅሙ ሲሠራ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን የመኖ ስንዴ ይገዛ ነበር። የአሜሪካ ኢታኖል 1.4 ቢሊዮን ሊትር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ሁለቱ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ መቆም አቃተው። ያ ሁሉ ስንዴ ሌላ ገዢ ይፈልጋል ማለት ነው። የገዢው በር ሲጠብ ስቲከር የሌለው መጀመሪያ ይቀራል።

ገበሬዎቹ ዝም አላሉም። በ2023 ጥቅምት ሬድ ትራክተር የአካባቢ ጥበቃ ተጨማሪ ደንብ ላምጣ ሲል ተነሡበት፣ በኋላ ተወው። ከዚያ የእንግሊዝ፣ የዌልስ፣ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ የገበሬ ማኅበራትና ኤኤችዲቢ የሚባለው የእርሻ ቦርድ ተባብረው ማረጋገጫውን በሙሉ የሚመረምር ቡድን አቋቋሙ። ዶክተር ዴቪድ ልዌሊን ናቸው የመሩት፣ ሪፖርቱ በጥር 2025 ወጣ። አለቃህ ካላነበቡት አንብብላቸው። የደረሰባቸው ነገር የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ማወቁ ራሱ ያቀላል።

አባ_ሰሊጥ

ልጄ እንዴት ነህ። እኔ ከጎንደር ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መተማ ሰሊጥ ላይ ነው፣ አሁን ልጆቹ ናቸው የሚሠሩት። የጻፍከውን ልጄ አነበበልኝ፣ እሱ ነው የሚጽፍልኝም።

አንተ ከመርከብ የመጣ ይቀለዋል ትላለህ። እኔ ደግሞ ከመርከቡ በዚህኛው ጫፍ ያለሁት ሰው ነኝ። ለኛ አልቀለለንም። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ሰሊጥ ሳልሞኔላ ይገኝበታል ብሎ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ለዓመታት ግማሽ ያህሉ ጭነት ወደቡ ላይ እየተያዘ ይመረመር ነበር። ከሁለት ኮንቴይነር አንዱ ማለት ነው። ምርመራው እስኪያልቅ የቆመበትን ይከፈላል። ገዢው ይሰለቻል። ከተገኘበት ደግሞ ዕቃው ይመለሳል ወይም ይወገዳል። ከዚያ በፊት በፈረንጅ 2008 ጃፓን ቡናችን ላይ የጸረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያው ደርቆ ነበር። የገጠር ሰው ቡናውን መድኃኒት ረጭቶት አያውቅም፣ ብዙዎች የጠረጠሩት ጆንያውን ነው።

ሳልሞኔላው ከየት ይመጣል ብትለኝ አሳይሃለሁ። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ታስሮ ይቆማል፣ ሂላ እንለዋለን። እስኪደርቅ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ ይቆያል። ወፍ ያርፍበታል። ከብት ያልፍበታል። ከዚያ ተገልብጦ ሸራ ላይ ይራገፋል። ሸራው ከሌለ መሬት ላይ። ቀን ሠራተኛው እጁን የሚታጠብበት ውሃ በጀሪካን ከሩቅ የሚመጣ ነው፣ ለመጠጥም አይበቃም። ሸራና ውሃ ቢኖር ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። ግን ይሄን ማንም መጥቶ አላየም። ወደቡ ላይ ዘንግ ሰክተው አገኘንባችሁ ይላሉ። የማን ሰሊጥ ነው ቢባል ደግሞ አይታወቅም። ምርት ገበያ ሲገባ በደረጃ ነው የሚቀመጠው፣ ጥንቁቁ ሰው ያመጣው ከግዴለሹ ጋር ይቀላቀላል።

ስለዚህ አንተን የሚመጣ ተቆጣጣሪ ያማርርሃል፣ እኔ ደግሞ ተቆጣጣሪ ቢመጣልኝ ደስ ባለኝ ነበር። መጥቶ ሸራ የለህም ቢለኝ ሸራ እገዛ ነበር። አሽከርህ ነኝ፣ ያንተን በደል ማቃለሌ አይደለም። የውጪው ገበሬ ሁሉ ተንደላቆ ያልፋል እንዳትል ብዬ ነው። ትልቅ አገር፣ ትልቅ መርከብ፣ ትልቅ ነጋዴ ያለው ይቀለዋል። ሁለት ኮንቴይነር የሚልክ ሰው ግን ያንተን ዓይነት ነው።

ሊንከን_ገበሬ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነትዎን ነው፣ እኔ የውጪ ገበሬ ስል ዓይኔ ላይ የነበረው ያ የወደብ መኪና ነው፣ ሂላ ትዝ አላለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሊጡን ያነሣሁት ባልሆንም ሐሳቡ ውስጥ እርስዎንም ጨፍልቄ ነበር።

ላብራቶሪዋ እህቴ፣ መዝገቡ ይበልጥብኛል ያልሽው ገብቶኛል። እኔም መዝገቡ ይቅር አላልኩም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ከአይጡ መዝገብ የከበደ ነው።

እዚህ እርሻ ላይ ጎመን ዘር እንዘራ ነበር። ምጣድ የምናሰስበት ጎመን ዘር የቅርብ ዘመዱ ነው፣ እዚህ ለዘይት ነው። በሚያዝያና በግንቦት አገሩ ሁሉ ቢጫ ይሆን ነበር። እንደ ቁንጫ የሚዘል ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ አለ፣ ቡቃያው ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ይበሳዋል፣ ትሉ ደግሞ ግንዱ ውስጥ ይገባል። ድሮ ዘሩ ኒዮኒኮቲኖይድ በሚባል መድኃኒት ተለውሶ ይዘራ ነበር። ንብ ይጎዳል ተብሎ በ2013 ለጎመን ዘር ተከለከለ፣ በ2018 ደግሞ ሦስቱ ዋና ዋናዎቹ ለሜዳ ሰብል በሙሉ ተከለከሉ። ንቡን በተመለከተ አልከራከርም፣ ልክ ሊሆን ይችላል። አዛውንቱ ሁለት ዓመት ሞከሩ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጠዋት ሄደን ስናይ ማሳው እንደ ወንፊት ተበስቷል። በሳምንቱ ባዶ መሬት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልዘራንም። በ2012 በዚህ አገር ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ጎመን ዘር ነበር፣ ዛሬ ከግማሹም በታች ነው።

ዘይቱን ግን ሰው መብላት አላቆመም። ከአውስትራሊያ ይመጣል፣ ከሌላም አገር ይመጣል። አውስትራሊያም ካናዳም ያንኑ መድኃኒት ዘራቸው ላይ ይጠቀማሉ። ዘይቱ ውስጥ ቅሪት ላይገኝ ይችላል፣ ናሙናውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የተከለከለው ግን ለንቡ ተብሎ ነው እንጂ ለበላተኛው አይደለም። ያ ንብ በናሙና አይታይም። የዚህን አገር ንብ አዳንን ብለን የሌላውን አገር ንብ በገንዘባችን ገደልን ማለት ነው። በቆሎም እንዲሁ ነው፣ አትራዚን አውሮፓ ውስጥ ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አሜሪካ የበቆሎ ማሳ ላይ ዛሬም ይረጫል።

ለዚህ ነው አንድ ሕግ ይሁን የምለው። ልጆቼ ፊት ቆሜ ስንዴያችን ስለተመለሰ ብቻ የምጮህ ሰው መሆን አልፈልግም። አንድ ነገር መጥፎ ነው ካልን የትም ቦታ መጥፎ መሆን አለበት።

የድፎ_ዳቦ_እናት

እኔ ለንደን ነኝ፣ እንጀራና ድፎ እየጋገርኩ ለሱቆች አቀርባለሁ። እህል አላመርትም፣ ዱቄት ነው የምገዛው። ስለዚህ እንደ በላተኛ አንድ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ።

ወንድሜ በስተመጨረሻ ያልከው ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መጀመሪያ ላይ "ወይ የኛም በናሙና ይግባ" የሚል መንፈስ ነበረው ጥያቄህ፣ እሱን ግን አልወደድኩትም። ፍትሕ የሚመጣው ያንተን ወደ ታች በማውረድ ከሆነ እኔ ምን አገኛለሁ? ልጆቼ ምን ያገኛሉ? ጎተራህ ተጠርጎ፣ አምፖልህ ተሸፍኖ ሲመጣ ነው ደስ የሚለኝ። ሌላው ወደ አንተ ይውጣ።

ሌላው ችግር ዱቄቱ ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የሬድ ትራክተር ምልክት ባንዲራው ያለበት ከሆነ እዚሁ የተመረተ መሆኑን አውቃለሁ። ምልክቱ ከሌለ ግን ምንም አላውቅም። ለድፎ የምገዛው ጠንካራ የሚባለውን ዱቄት ነው፣ ሊጡ ሲሳብ የማይበጠሰውን፣ ቅጠል ላይ ስገለብጠው ቅርጹን የሚይዘውን። ነጋዴው የካናዳ ስንዴ አለበት ይለኛል፣ ከዚህ በላይ ብጠይቀው አያውቅም። የት ማሳ፣ ምን ተረጭቶበት፣ ባዶ ነው። ካናዳ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ድፎዬን የሚያቆመው እሱ ነው። ግን ለሊንከኑ ስንዴ የአይጥ መርዝ ካርታ ተጠይቆ ለካናዳው ያገሩ ስም እንኳ ከረጢቱ ላይ ሳይጻፍ ሲቀር እኔ ገዢዋ ነኝ የተታለልኩት።

ላብራቶሪዋ እህቴ፣ ለምንድነው ከካናዳ የሚያመጡት? ያገሩ ስንዴ አይበቃም?

ላብራቶሪዋ

እናቴ፣ የሚበዛው ያገር ውስጥ ስንዴ ነው። ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ፕሮቲኑ 13 በመቶ፣ ፍሬው አለመብቀሉን የሚያሳየው የመውደቂያ ቁጥሩ 250፣ ክብደቱ በመቶ ሊትር 76 ኪሎ እንዲሆን እንጠይቃለን። አጨዳ ላይ ከዘነበ ፍሬው ዛላው ላይ ሳለ መብቀል ይጀምርና ቁጥሩ ይወድቃል፣ ከሱ የተጋገረ ዳቦ መሃሉ ይጣበቃል። የካናዳው ፕሮቲኑ ጠንካራ ስለሆነ ያገሩን ለመደገፍ ይቀላቀላል። እንዳንቺ ድፎ ዓይነት ሊጥ ለሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ጽሑፉ ያልሽው ልክ ነው። እና ሊንከን ወንድሜ፣ አዛውንቱ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ የሚሄዱ ከሆነ ሁለት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። አንደኛው፣ ለአስመጪው የተፈቀደው የናሙና አሠራር ማረጋገጫው ለጊዜው ለታገደበት ገበሬ በራሱ ወጪ ለምን አይፈቀድም የሚለው ነው። ይሄ ማውረድ አይደለም፣ መዝገቡ እስኪስተካከል መሸጋገሪያ ነው። ሁለተኛው፣ እዚህ አገር ለተከለከለ መድኃኒት ከውጪ የሚመጣው እህል ምርመራ ዝርዝር ውስጥ በስም ይገባል ወይ፣ ውጤቱስ ለማን ይታያል የሚለው። ሁለተኛውን አጥብቀው ይያዙ። ውጤቱ ነጋዴው መሳቢያ ውስጥ ከቀረ እኩል ነው አይደለም ብሎ መከራከርም አይቻልም።

አባ_ሰሊጥ

ልጄ ይቅርታ የጠየቅከው አያስፈልግም ነበር። ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመርልኝ። የውጪውን ገበሬ ማሳው ድረስ እንፈትሽ ከተባለ የፈታሹን አበል ማን ይከፍላል? ገዢው ካልከፈለ ከሰሊጡ ዋጋ ላይ ነው የሚቀነሰው። እዚህ አንድ ማሳ ለማየት መኪና ይዞ ከከተማ ቀን ሙሉ የሚመጣ ሰው ነው። ብቻዬን አልችለውም። መቶ ሆነን ተደራጅተን አንድ ፈታሽ ቢመጣልን ግን እንችላለን።

ሊንከን_ገበሬ

ጋሼ ጥያቄዎን ጨምሬዋለሁ። ለአዛውንቱ ሦስቱንም በእንግሊዝኛ ጽፌ ዛሬ ማታ ሰጠኋቸው። የመተማ ገበሬ ነው ሦስተኛውን የጠየቀው አልኳቸው። መተማ የት ነው አሉ፣ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ሂላ ምን እንደሆነም በእጄ አቁሜ አሳየኋቸው። ድሮ አባታቸው ስንዴ እንደዚያ ነዶ አስረው ያቆሙ እንደነበር ነገሩኝ። ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ነው፣ እኔንም ይዘውኝ ይሄዳሉ።

የአይጥ መዝገቡን አሁን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ዓርብ ዓርብ። በሩ አጠገብ በምስማር አንጠልጥዬዋለሁ።

ኢሚንግሃም ወይም ቲልበሪ ወደብ የሚሠራ ሐበሻ እዚህ ካለ እባካችሁ ጻፉልን። ናሙናው ከመርከቡ ሲወጣ ዓይናችሁ ያየውን፣ ዘንጉን ማን እንደሚይዝ፣ ስንት ቦታ እንደሚሰኩት ማወቅ እፈልጋለሁ።